“ወይ ስድስተኛዋ ጥይት ትውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ!”

ዛሬ ከወትሮው የፍቅርና የኩርፊያ ጥያቄ ወጣ ያለ የሚመስል፣ ጠጋ ብለው ሲያነቡት ግን ከዚያው ከኩርፊያው የማይወጣ ደብዳቤ ይዘን ቀርበናል። የመጣው ከወደ አሜሪካ፣ ከቴክሳስ ነው። ጸሐፊዋ ስሟና የምትኖርበት ከተማ እንዳይገለጽ አደራ ስላለችን አደራዋን ጠብቀናል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ደግሞ ሐሳቡን ሳንነካ ጥቂት አሳጥረነዋል።

“ለዝግጅት ክፍሉ፦

ዕድሜዬ 31 ነው። ትዳር ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ታታሪ ሰው ነው። አይጠጣም፣ ውጭ አያመሽም፣ አንድ ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መጥፎ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ ነው።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ድሮ ይሠራለት የነበረ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ እርሻውን ሸጦ ልጆቹ ዘንድ ሊኖር ሲሄድ ሽጉጥ በስጦታ ሰጠው። የካውቦይ ፊልም ላይ የምናያት ዓይነት፣ ከበሮዋ የሚዞር፣ እጀታዋ እንጨት የሆነ ስድስት ጎራሽ ናት። እኔም አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምንሽር እያየሁ ስላደግሁ መሣሪያ ብርቄ አይደለም። በዚያ ላይ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤት በሌሊት ተሰብሮ ነበር። ‘እኔ ማታ ማታ የለሁም፣ ለአንቺም መከታ ትሆንሻለች’ ሲለኝ አልተቃወምኩም። ስድስቱንም ጥይት ሞልቶ አልጋችን አጠገብ ያለው ኮመዲኖ ውስጥ አስቀመጣት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ወጥ ቤት ሆኜ የልጄ ድምፅ ጠፋብኝ። ልጅ ዝም ካለ መቼም ጥሩ አይደለም። ሮጬ ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ሽጉጧን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ያቺን ከኋላ ቀና ያለችውን ብረት ወደ ኋላ ይጎትታል። እንዴት እንደነጠቅኩት አላውቅም። ልጁም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ።

ለባለቤቴ ስነግረው ደነገጠ፤ ልጁን አቅፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ግን ክርክር ጀመረ። ‘ይቺ ሲንግል አክሽን የምትባለው ናት። መዶሻዋ በጣት ካልተሳበ ምላጯን ብትጎትቺው ብትውዪ አትተኩስም። ደግሞ የልጅ ጉልበት አይችላትም’ አለኝ። ተመሳሳይ ሽጉጥ ያለው የሥራ ጓደኛው ‘እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ስድስት ሞልቼ ነው የማስቀምጣት፤ ብትወድቅም አትተኩስም’ ብሎ አጸናለት። ሌላ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ስጠይቅ ግን ‘የባልሽ የድሮዋ ከሆነች አምስት እንጂ ስድስት አይጎረስባትም፤ ፋብሪካው በነፃ ያስተካክልላችኋል’ አለኝ። ይህን ስነግረው ባሌ ጭራሽ ተቆጣ። ‘የድሮ ዕቃ ከተነካካ ዋጋው ይወድቃል። የሽማግሌው ማስታወሻ ናት፣ አላስነካም!’ አለ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ልጄን ይዤ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የምተኛው። ‘ወይ ስድስተኛዋ ጥይት ትውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ’ ብዬዋለሁ። እሱ ደግሞ ‘ለአንዲት ብረት ብለሽ ትዳር ታፈርሻለሽ?’ ይለኛል። የድሮና የአዲስ የሚባለው ልዩነት እውነት ነው ወይስ ወሬ? ጎኗ ላይ ሦስት ቪቲ አላት፤ እጀታዋ ላይ ክንፉን የዘረጋ አሞራ የመሰለ ምልክት አለ፤ ሩገር የሚል ተጽፎባታል። ማናችን ነን ትክክል?

ግራ የገባኝ፣ ከቴክሳስ።”

መልስ፦

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ልጅሽ ተረፈልሽ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎን፣ ልዩነቱ እውነት ነው፤ ወሬ አይደለም። የባልሽ ጓደኛም አልዋሸም፤ የተናገረው ግን ስለራሱ ሽጉጥ እንጂ ስለ እናንተ አይደለም። ባልሽም ስለ ምላጩ ያለው ልክ ነው፤ ስለ ልጁ ጉልበት ያለው ግን ስህተት ነው። አንቺስ? አንቺ ትክክል ነሽ፤ ነገር ግን የጠየቅሽው አንሷል። ስድስተኛዋ ጥይት ብትወጣም ልጅሽ አይድንም። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አያትየዋ

የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ሁሉ አያት የአሜሪካ ጦር በ1873 የተቀበላት ኮልት ናት። ሲንግል አክሽን ማለት ምላጯ አንድ ሥራ ብቻ አላት ማለት ነው፤ የተሳበውን መዶሻ መልቀቅ። መዶሻውን የሚስበው ተኳሹ ነው፣ በአውራ ጣቱ፣ ለእያንዳንዷ ጥይት። መዶሻው ወደ ኋላ ሲሳብ ከበሮው አንድ እርምጃ ይዞርና የሚቀጥለውን የጥይት ቤት ከአፈሙዙ ትይዩ ያመጣል።

ችግሯ ምን ነበር መሰለሽ? የኮልት መዶሻ አፍንጫው ላይ መርፌ አለው። መዶሻው ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ያ መርፌ ከጥይቷ ኋላ ባለችው መለኮሻ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ ሽጉጧ ከወገብ ብትወድቅና መዶሻዋ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ ማን ይጠይቃታል? ትጮሃለች። መዶሻውን ከመለኮሻው ራቅ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ እርከን ነበራት፤ ግን ቀጭን ነውና ጠንከር ያለ ምት ከመጣ ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ ሽጉጡን የሚያውቁ ሰዎች ብልሃት አበጁ። አንድ ታጎርሳለህ፣ አንዱን ቤት ትዘላለህ፣ አራት ትጨምራለህ። ከዚያ መዶሻው በባዶዋ ቤት ላይ ያርፋል። ‘ስድስት ጎራሽ’ የተባለችው በአምስት ትያዝ ነበር ማለት ነው። ይህን ችላ ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ከዋያት ኧርፕ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ፊልም የተሠራለት ያ ዝነኛ የሕግ አስከባሪ በጥር 1876 በካንሳስ፣ በዊቺታ ከተማ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሳለ ሽጉጡ ከማኅደሩ ወድቃ ተኮሰች። ሰው አልተጎዳም። ግን ለዋያት ኧርፕ ያልተመለሰች ሽጉጥ ለማን ትመለሳለች?

የእናንተዋ፣ ማለትም የድሮዋ ሩገር

ኮልት ይህችን ሽጉጥ ማምረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ላይ አቆመ። በ1950ዎቹ ደግሞ አሜሪካውያን በቴሌቪዥን የካውቦይ ፊልም ሱስ ያዛቸው፤ ሁሉም ያቺን ሽጉጥ ፈለገ። በ1949 የተቋቋመው ሩገር ይህን አይቶ በ1953 ሲንግል ሲክስ የተባለችውን ትንሿን፣ በ1955 ደግሞ ብላክሆክ የተባለችውን ትልቋን አወጣ። ኮልትም ባዶውን አልቀረም፤ በ1956 ወደ ገበያው ተመለሰ።

ሩገር ከኮልት ብዙ ነገር አሻሽሏል። በቀላሉ ይሰበር የነበረውን ጠፍጣፋ ሞላ በጥቅልል ሞላ ተካው። መርፌውንም ከመዶሻው አንስቶ በሽጉጧ አካል ውስጥ አስቀመጠው። አንድ ነገር ግን እንደ አያትየዋ ቀረ፤ መዶሻው ሲያርፍ ያው በመርፌው ላይ ነው የሚያርፈው። ከላይ ምት ካገኘው መርፌውን ይገፋዋል፣ መርፌው ጥይቷን ይወጋታል። ስለዚህ ለድሮዋ ሩገርም ሕጉ ያው የጥንቱ ነው፤ አምስት ጥይት፣ መዶሻው በባዶ ቤት ላይ። ያ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው የነገረሽ ይህንን ነው።

የጓደኛዬው፣ ማለትም አዲሷ

በ1973 ሩገር ‘ኒው ሞዴል’ ያላትን አወጣ። ውስጧ ትራንስፈር ባር የምትባል ጠፍጣፋ ብረት ገባች። አሠራሯን በሰፈር ቋንቋ እንንገርሽ። መዶሻውና መርፌው እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ናቸው እንበል፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ፣ አይነካኩም። ምላጯ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ያቺ ብረት ከታች ብቅ ብላ በመካከላቸው ትገባና የአንዱን ምት ለሌላው ታደርሳለች። ምላጯ ስትለቀቅ ወርዳ ትደበቃለች። ወሬ አቀባይዋ ከሌለች ጠብ የለም። ሽጉጧ ብትወድቅ፣ መዶሻዋ በመዶሻ ቢመታ እንኳ ምቱ መርፌው ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ አዲሷ ስድስት ሞልታ ብትያዝ ስለ መውደቅ ያን ያህል አያሰጋም። የባልሽ ጓደኛ አሥር ዓመት የተማመነው በዚህች ቁራጭ ብረት ነው።

ሐሳቡ ራሱ በ1973 የተፈጠረ አይደለም። አይቨር ጆንሰን የተባለ የአሜሪካ ፋብሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህንኑ ዘዴ በሽጉጦቹ ላይ ተጠቅሞበታል። ለካውቦይ ሽጉጥ ግን ዘግይቶ ደረሰ።

አጎራረሷም ተለውጧል። በድሮዋ ከበሮው እንዲዞር መዶሻውን እስከ ግማሽ መሳብ ግድ ነው። በአዲሷ የጎኗ በር ሲከፈት ከበሮው በራሱ ይፈታል፤ መዶሻው እንዳረፈ ይቆያል፣ በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስም አይሳብም። የድሮ ነገር የሚወዱ ሰዎች ‘የድሮዋ መዶሻ ስትሳብ ቀጭ ቀጭ የምትለው ድምፅና ልስላሴዋ በአዲሷ የለም’ እያሉ ይቆጫሉ። ይቆጩ። ልስላሴ ሌላ፣ ደኅንነት ሌላ።

እንዴት ትለያለች?

በሩገር ላይ ቀላሉ ምልክት አንቺ ያየሽው ነው። የድሮዋ ጎኗ ላይ ሦስት ቪቲ አላት። አዲሷ በሦስቱ ቪቲ ፈንታ ሁለት ፒን ነው ያላት፤ አካሏም ላይ ‘ኒው ሞዴል’ የሚል ተቀርጿል። ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ በይ።

አንደኛ፣ ይህ የቪቲ ቆጠራ ለሩገር ብቻ ነው። ኮልትም ሆነች በጣሊያን የሚሠሩት የኮልት ቅጂዎች ሦስት ቪቲ አላቸው። ሁለተኛ፣ ሩገር ከ1982 ጀምሮ ለድሮዎቹ ሽጉጦች ይህንኑ መጠበቂያ በነፃ ይገጥማል፤ ተገጥሞላት የተመለሰች ሽጉጥ ከውጭ ስትታይ ያው ባለ ሦስት ቪቲ ናት። ምናልባት ሽማግሌው አስገጥሞላት ይሆናል፤ በዓይን አይታወቅምና ባለሙያ ይያት። ሦስተኛ፣ ‘ኒው’ የሚለው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነገር አይናገርም። ለምሳሌ ሩገር በ1993 ቫኬሮ የምትባል አወጣ፤ በ2005 ደግሞ ኒው ቫኬሮ መጣች። ሁለቱም ትራንስፈር ባር አላቸው፤ ልዩነታቸው አዲሷ በመጠን ማነሷ ነው። ስም አይተው አይፈርዱም።

አሁን ዋናው ነገር

እስካሁን ያወራነው ሁሉ ሽጉጧ ብትወድቅ ወይም ብትመታ ምን ትሆናለች ስለሚለው ነው። ልጅሽ ግን አልጣላትም። ልጅሽ መዶሻውን ሲስብ ነው የደረስሽው!

እዚህ ላይ የድሮና የአዲስ ልዩነት የለም። መዶሻው ሙሉ በሙሉ ከተሳበ በኋላ ምላጯ በጣም ትንሽ ጉልበት ነው የምትፈልገው። ትራንስፈር ባሯም ብትሆን ምላጭ የሳበው አባት ይሁን ሕፃን አታውቅም፤ ተነስታ ምቱን ታቀብላለች። ባልሽ ‘የልጅ ጉልበት አይችላትም’ ያለው አዋቂ በአንድ እጁ ሲስባት አስቦ ነው። ያ መዶሻ ረዥም የሆነው ጣት በቀላሉ እንዲስበው ነው። ልጅ ደግሞ እንዳየሽው ጭኑ ላይ አስደግፎ በሁለት አውራ ጣት ይስባል። በአሜሪካ ሕፃናት ቤት ውስጥ ባገኙት ሽጉጥ ራሳቸውን ወይም ወንድም እህታቸውን የሚመቱበት አደጋ በየዓመቱ ይደርሳል።

ስድስተኛዋ ጥይት ብትወጣስ? አስቢው። ባዶዋ ቤት የምትጠብቃችሁ መዶሻው እስካልተሳበ ድረስ ብቻ ነው። ልጁ መዶሻውን በሳበ ጊዜ ከበሮው ይዞራል፤ ባዶዋ ትሄድና ሙሉዋ ትመጣለች። ለዚህ ነው ‘የጠየቅሽው አንሷል’ ያልንሽ። ሦስት ሳምንት ሶፋ ላይ የተኛሽለት ነገር ቢፈቀድልሽ እንኳ ኮመዲኖው ውስጥ ያለው አደጋ ባለበት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንድ፦ ዛሬ ማታ፣ ነገ ሳይባል፣ ጥይቶቹ በሙሉ ይውጡ። ይህን ባልሽ ያድርገው፤ አንቺ ካልተማርሽው አትንኪው። ምናልባት መዶሻው ተስቦ ብታገኚው ለመመለስ አትሞክሪ፤ ልጁን አርቀሽ የሚያውቅ ሰው ጥሪ።

ሁለት፦ ኮመዲኖ ሣጥን አይደለም። ቁልፍ ያለው ትንሽ የብረት ሣጥን ይገዛ፤ ጥይቱ ደግሞ ለብቻው ይቆለፍበት። በአሜሪካ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች የሽጉጥ ማሰሪያ ቁልፍ በነፃ ይሰጣሉ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። በቴክሳስ ሕግ ደግሞ በቸልተኝነት የተተወ የጎረሰ መሣሪያ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጅ ከገባ የተወውን ሰው የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ይህን ባልሽ ላያውቀው ይችላል።

ሦስት፦ ባልሽ አንዱን ይምረጥ። ይቺ ሽጉጥ የሽማግሌው ማስታወሻ ናት ወይስ የቤት ጠባቂ? ሁለቱንም አንድ ላይ ልትሆን አትችልም። ማስታወሻ ከሆነች አይነካካት፤ ባዶዋን ተቆልፋ ትቀመጥ፣ ዋጋዋም አይወድቅም። ጠባቂ ትሁን ካለ ግን ወደ ፋብሪካው ተልካ መጠበቂያው ይገጠምላት። እንደ ሹራብ ጠቅልሎ መላክ የለም፤ ኩባንያውን አስቀድሞ ጠይቆ በሚሰጠው መመሪያ መሠረት ነው። ስለ ዋጋው ለሚሰጋው ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለን፤ ሩገር ያወጣቸውን የድሮ ዕቃዎች ከሽጉጧ ጋር መልሶ ይልካል። ዕቃዎቹን በፖስታው እንዳሉ ያስቀምጣቸው። ነገ የድሮ ነገር ሰብሳቢ ቢመጣበት ያሳየዋል።

አራት፦ ‘ለአንቺ መከታ’ ስለሚለው። ተኩሰሽባት ታውቂያለሽ? ለእያንዳንዷ ጥይት መዶሻ የምትስቢባት ሽጉጥ በጨለማ፣ በድንጋጤ፣ ልጅ እያለቀሰ መከታ መሆኗን እንጠራጠራለን። ጠንካራ የበር ቁልፍ፣ የውጭ መብራትና እጅሽ ላይ ያለ ስልክ ይበልጡብሻል።

ስለ ትዳሩ

እህታችን፣ ‘ወይ እሷ ወይ እኔ’ የሚለውን ቃል መልሺው። ትክክል አይደለሽም ብለን አይደለም። ይህ ቃል የባልሽን ጆሮ ስለዘጋው ነው። አሁን እሱ የሚከራከረው ስለ ቪቲና ስለ መዶሻ ሳይሆን በቤቱ የሚታዘዝ ሰው ላለመሆን ነው። ልጁን አቅፎ ብዙ የቆየው ሰው ያው እሱ ነው፤ እሱን ነው የምትናገሪው። ከሥራ ሲመለስ ቡና አፍልተሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ‘የጓደኛህ ሽጉጥ የራሱን እውነት ተናግራለች፤ የእኛዋ ሌላ ናት፤ ልጃችን የሳበው ግን ሁለቱም ላይ ያለውን ነው’ በይው። ከዚያ ያየሽውን እንዳየሽው ንገሪው። ሁለት አውራ ጣት። ሌላ አትጨምሪ።

ሣጥኑን አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙት። ቁልፉን ከልጁ ዓይን አርቁ፤ ልጅ እናቱ ቁልፍ የምትደብቅበትን ከእናቱ በላይ ያውቃል። የተቆለፈ ዕለት ማታ ወደ አልጋሽ ተመለሺ። አልቆልፍም ካለ ግን፣ ልጅሽን ይዘሽ ከዚያ ቤት ገለል ማለትሽን ትዳር ማፍረስ ብሎ የሚጠራው ሰው ከእኛ ጋር አይስማማም።

እናንተም አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ ወጣቶች፣ ‘ይሄ የቴክሳስ ጣጣ ነው’ ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡ። ከአያት የወረደ ምንሽር ቁም ሣጥን ላይ፣ የአጎት ሽጉጥ ፍራሽ ሥር ያለበት ቤት እዚህም አለ። ዓይነቷ የድሮ ይሁን የአዲስ፣ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ቦታው ከቁልፍ በስተኋላ ነው። አበው ‘ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል’ ይላሉ። የጎረሰ ሽጉጥ በኮመዲኖ ውስጥ ግን ማንንም አያስፈራም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል!

እህታችን፣ ሣጥኑ የተቆለፈ ዕለት ሁለት መስመር ጻፊልን፤ እኛም እንቅልፍ እንዲወስደን። ለሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።